ቃሉን ማን ያነሳዋል?

ጅጅጋ ውስጥ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው መጀመሪያ መሬት ይፈልጋል፤ ቀጥሎ እናትአለምን ይፈልጋል። አባባሉ የራሷ የእናትአለም ነው፤ ቢሆንም ውሸት የለበትም። ከገበያው ወጣ ብሎ መንገድ ዳር የከፈተችው የብረታ ብረት ሱቅ ቆርቆሮም፣ ሚስማርም፣ ሲሚንቶም፣ ቀለምም የማይጠፋበት፣ ባለቤቱም የማትጠፋበት ሱቅ ነው። አጠር ደልደል ያለች ሴት ናት። ድምፅዋ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል፤ ሚዛኗ ግን አያጭበረብርም። የተወለደችው ሸዋ ውስጥ ደብረ ሲና አካባቢ ሲሆን፣ በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሹፌር ባሏን ተከትላ በሲሚንቶ መኪና ጋቢና ጅጅጋ ገባች። ባሏ ታሞ ሞተ፣ መኪናው ተሸጠ፣ እሷ ሱቅ ከፍታ ቀረች።

አንድ ነገር ግን ሰውን ሁሉ ያስገርም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ጅጅጋ ኖራ ሶማሊኛ አትናገርም። መስማቱንስ ትሰማለች፤ ያውም ሰው ሊደብቃት የፈለገውን ጨምራ ነው የምትሰማው። ቁጥርና ዋጋም አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ነጋዴ አይደለች? ከዚያ ባለፈ ግን በሶማሊኛ ሲያወሯት በአማርኛ ትመልሳለች። የዚህ ሁሉ መነሻ ወተት ነው።

በመጣች በመጀመሪያው ዓመት ወተት ልትገዛ ገበያ ወጣች። ወተት በሶማሊኛ "ዓኖ" ነው፤ በዓይኑ ዐ፣ ከጉሮሮ ውስጥ ተስቦ የሚወጣ። የኔታ ባስቆጠሯት ገበታ ላይ ዓይኑ ዐም አልፋው አም ነበሩ፤ ጉሮሮዋ ውስጥ የነበረው ግን አልፋው ብቻ ነው። እናም በልበ ሙሉነት፣ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ የተቀመጠችውን ሴት "ኣኖ እፈልጋለሁ" አለቻት። ኣኖ ደግሞ የደም በቀል ማለት ነው። ወተት ሻጯ፣ ኤብላ ትባላለች፣ ቀና ብላ አየቻትና ፈገግም ሳትል "በማን ላይ?" ብላ ጠየቀቻት። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ለብዙ ጊዜ እናትአለም በዚያ ባለፈች ቁጥር አንዱ ተነስቶ፣ ጠላትሽን አገኘሽው ወይ ይላት ነበር።

በዚያን ቀን እናትአለምና ኤብላ ወዳጅ ሆኑ፤ ወዳጅነታቸውም ጸና። የእናትአለም ሶማሊኛ ግን በዚያው ቀን ተከረቸመ። ሁለተኛ ሰው አይስቅብኝም ብላ ማለች፤ መሐላዋንም ለዐሥራ ስምንት ዓመት ጠበቀች።

በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ሱጉሌ የሚባል የበግና የፍየል ነጋዴ መጋዘን መሥራት ጀመረ። ሱጉሌ ረጅም፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ሲራመድ የማይቸኩል ሰው ነው። ከጅጅጋ ዙሪያ እየሰበሰበ፣ በአይሻ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይሸጣል። ከእናትአለም ሱቅ ቆርቆሮና ፌሮ አስጫነ፤ ግማሹን በእጁ ከፈለና ለቀሪው ቼክ ጻፈላት። ሲሰጣት፣ ይህች ወረቀት አማና ናት፣ በጎቼ ሲሸጡ ገንዘቡን ይዤ መጥቼ እወስዳታለሁ አላት። አማና አደራ ነው። ሱጉሌ ባደገበት አገር አማና የተቀበለ ሰው አስቀምጦ ይጠብቃል እንጂ ይዞት አይዞርም። እናትአለም ዘንድ ደግሞ ቼክ ቼክ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ባንክ ይሄዳል። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ችግሩም እሱ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሱጉሌ አይሻ ነው። የገዢዎቹ መኪኖች ቀርተውበት ከበጎቹ ጋር ተፋጥጦ ተቀምጧል፤ ስልኩም አይሠራም። ገበያ ውስጥ አንዱ ጅቡቲ ተሻግሯል አለ፤ ሌላው አይመለስም ብሎ ጨመረበት። ኤብላ፣ ሰውዬውን አውቀዋለሁና ጥቂት ታገሺው አለቻት። ትዕግሥት ግን ለእናትአለም አልተፈጠረም፤ ዕቃውን በዱቤ የሰጣት የአዲስ አበባ አስመጪም አላስቀመጣትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ቼኩን ይዛ ባንክ ገባች። ቼኩ ተመለሰ። አብሮ በተሰጣት ወረቀት ላይ "በቂ ስንቅ የለውም" ተብሎ ተጽፏል።

ይህን ቃል ለባንክና ለሕግ ሰዎች ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ የሰጣቸው ሰው ግን መንገድ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ቼክ መንገደኛ ነው። ከሰው እጅ ወጥቶ ባንክ እስኪደርስ ይጓዛል፤ ሒሳቡ ውስጥ የሚጠብቀው ገንዘብ ስንቁ ነው። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ያምራል እንጂ አያስቆጣም።

እናትአለም በደም ፍላት ማመልከቻ አጻፈችና "ስንቅ የሌለው ቼክ ሰጥቶኛል" ብላ ሱጉሌን ከሰሰችው። መጥሪያው ሲደርሰው ሱጉሌ በጎቹን አይሻ ላይ ለሰው ጥሎ፣ የመንገዱን አቧራ እንደለበሰ ችሎት ቀረበ። ዘመዶቹም ነገሩ ምንድን ነው ብለው ተከትለውት መጡ። ችሎቱ የሚካሄደው በሶማሊኛ ስለሆነ ለእናትአለም አስተርጓሚ ተመደበላት፤ ጁነይድ የሚባል የሐረር ልጅ፣ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ለችሎት ግን ገና አዲስ።

ዳኛዋ ክሱ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ጁነይድ ማመልከቻውን ይዞ እያነበበ ይተረጉም ጀመር። ስንቅ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ስንቅ በሶማሊኛ "ሰሃይ" ነው፤ መንገደኛ ከቤት ሲወጣ የሚቋጠርለት። ከሰሃይ የተሻለ ቃል በዚያች ሰዓት አልመጣለትም። ይባስ ብሎ ሲደናገጥ ሰሃዩን ከቼኩ ላይ አነሳና ሰውዬው ላይ አደረገው። ይህ ሰው ሰሃይ የለውም አለ።

አዳራሹ አጉረመረመ፤ ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሰሃይ የገጠር ቃል ነው፤ ቆርቆሮ ሲሸጥ አይነሳም፤ ስለዚህ እናትአለም "ፀሐይ" ያለ መሰላት። ፀሐይ ከቼኬ ጋር ምን አገናኘው ብላ እያሰበች ሳለ የሱጉሌን ፊት አየች። ጠቁሯል።

እሱ ባደገበት አገር ሰሃይ የሌለው ሰው ማለት የሰው እጅ የሚያይ ማለት ነው። ከዚያም ሲከፋ እንግዳውን ባዶ እጁን ሰዶ መንገድ ላይ የሚያስርብ ሰው ማለት ነው። በድርቅ ዘመን ቤቱን ለመንገደኛ ክፍት ያደረገው ሱጉሌ ይህን በዳኛና በዘመድ ፊት ሰማ። ዕዳውን አልካደም፤ አለብኝ፣ እከፍላለሁ አለ። ከዚያ ወደ እናትአለም ዞረና በአማርኛ፣ ድምፁን ሳያነሳ ተናገራት።

"ከቤቴ ጠላት እንኳ ያለ ሰሃይ አልወጣም።"

ዳኛዋ ቀጠሮ ሰጠችና ተነሱ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናትአለም ሱቋ ሳትደርስ ቃሉ ገበያ ደረሰ። ባንክ ስንቅ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የሚያስረዳ አልነበረም፤ የተወራው ሐበሻዋ ሱጉሌን በችሎት ሰደበችው ተብሎ ነው። ኤብላ መጥታ ፀሐይ የመሰላት ነገር ምን እንደሆነ ስትነግራት እናትአለም ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ማንም ግን መጥቶ አልተቆጣትም። ደንበኞቿ ከሱቋ በር ፊት እያለፉ መሄድ ጀመሩ። ሰላም ይሏታል፣ ጤናዋን ይጠይቋታል፣ ሚስማሩን ከሌላ ይገዛሉ። ቁጣ ቢሆን መልስ ነበራት፤ ለሰላምታ ምን ተብሎ ይመለሳል?

ወንድሟ ባህሩ ከናዝሬት ደወለ። ድሮም ያ አገር አገርሽ አይደለም፣ ሽጪና ነይ ይላት ነበር፤ አሁን ያልኩሽ ደረሰ አላት። እናትአለምን ያንገበገባት የቼኩ ገንዘብ አልነበረም። ገንዘብ ይሄዳል ይመጣል። ባሏን የቀበረችው ጅጅጋ ነው፣ ሰው የሆነችው ጅጅጋ ነው፤ ደብረ ሲና ብትሄድ ማን ነሽ የምትባል እሷ ናት። የጅጅጋ ሰው ካልሆነች የየትም ሰው አይደለችም። ይህ ገባትና አንድ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ በሌለበት ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

መኪኖቹ መጡ፣ በጎቹ ተሸጡ። ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በርጥቡ ነውና ሱጉሌ ጅጅጋ እንደገባ ሐጂ ማሃሙድን ላከባት። ሐጂ ማሃሙድ ንግዱን ለልጆቻቸው ትተው እርቅን ሥራዬ ያሉ፣ ሶማሌውም ሐበሻውም የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሻይ በወተት ቀረበ፣ ገንዘቡም ሳይጎድል እናትአለም እጅ ገባ። ሐጂ ክሱን ታነሺለታለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ዛሬውኑ አጽፌ ነገ አስገባለሁ አለች። ነገሩ ያለቀ መስሏት ሻይዋን አነሳች። ሱጉሌ የራሱን አልነካም።

"ክሱን አንቺ ታነሺዋለሽ፤ ቃሉን ማን ያነሳዋል?" አለ።

ሐጂ ማሃሙድ ራሳቸውን ነቀነቁና ሐል ይገባዋል አሉ። ሐል በሶማሌ ወግ ክብሩ ለተነካ ሰው የሚሰጥ ካሳ ነው። እናትአለም ሻይዋ ትን አላት። ቼኬ የተመለሰብኝ እኔ፣ ገንዘቤ የዘገየብኝ እኔ፣ ደንበኛዬ የሸሸኝ እኔ፣ አሁን ደግሞ ካሳ ከፋይም እኔ? ቃሉን ያወጣው አስተርጓሚው ነው፣ እኔ ያልኩት ስንቅ ነው አለች። ስለ ባንክ፣ ስለ ቼክ፣ ቼክ መንገደኛ ስለመሆኑ እጇን እያወናጨፈች አስረዳች። ሐጂ አላቋረጧትም። ስትጨርስ ቀስ ብለው እንዲህ አሏት።

"እውነትሽን ነው ልጄ። ቃሉ የወጣው ግን ባንቺ ስም ነው። በሰው ፊት የወጣ ቃል በሰው ፊት ይመለሳል፤ በወጣበት ቋንቋ ይመለሳል። ወረቀትሽ ክሱን ያነሳል። ቃሉን የሚያነሳው አፍሽ ነው።"

በሶማሊኛ፣ በችሎት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። እናትአለም የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሐጂ፣ ፍየል ብከፍል ይሻለኛል አለች። ሱጉሌ፣ ፍየል ሞልቶኛል አለ።

በነጋታው ኤብላ ጀሪካኗን ተሸክማ ሱቅ መጣች። ሥራ የለም፣ ደንበኛ የለም፤ ለትምህርት የተመቸ ጊዜ ነበር። ዳኛ ፊት የሚባለው አንድ አጭር ነገር ነው አለቻት፦ "ዳዕዋዲ ዋን ካ ኖቅደይ።" ከክሱ ተመልሻለሁ፣ ትቼዋለሁ ማለት ነው። አጭር ይሁን እንጂ ሁለት ጉድጓድ አለው። አንደኛው ያው የወተቱ ዐ ነው። ዳዕዋውን ከጉሮሮሽ ካላወጣሽው መድኃኒት ይሆናል፣ ዳኛዋን መድኃኒቴን ትቻለሁ ልትያት ነው አለች ኤብላ። ሁለተኛው ይብሳል። "ካ ኖቅደይ" ከክሱ ተመለስኩ ነው፤ "ኩ ኖቅደይ" ግን ወደ ክሱ ተመለስኩ ነው። ካውን ኩ ካለችው እርቁ ፈረሰ፤ ሱጉሌን በዘመዶቹ ፊት እንደ አዲስ ከሰሰችው ማለት ነው።

ዐውን በብዙ ሳልና እንባ ተማረችው። ምላሷ ግን ኩ ላይ ተተከለ። ሚስማር ስትመዝን ኩ፣ ቀለም ስታቀላቅል ኩ፣ ሻይ እየጠጣች ኩ። ቀጠሮው ሲቃረብ ኤብላ ራሷ መፍራት ጀመረች፤ ቢቀር ይሻላል፣ ታምሜያለሁ በይ እስከ ማለት ደረሰች። በኋላ ደከማትና በምሬት፣ እናንተስ በአማርኛ ከቤት መጣሁ ስትሉ ከ ትሉ የለም ወይ፣ ይኸው እሱ ነው አለቻት።

እናትአለም የያዘችውን የቀለም ጣሳ አስቀመጠች። ከቤት። ከጅጅጋ። ከክሱ። የእነሱ ካ የኛው ከ ነው! አፉን ትንሽ ሰፋ አደረገ እንጂ ሥራው ያው ነው፤ መነሻውን ያሳያል። ያን ሁሉ ዘመን ባዕድ ነው ብላ የፈራችው ቋንቋ ውስጥ የገዛ ፊደሏ ቁጭ ብሎ ኖሯል። ለምን ማንም አልነገረኝም ብላ ተቆጣች፤ ማንን እንደምትቆጣ ግን እሷም አላወቀችም። ኤብላን አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ወዲያ ሱቁ ውስጥ ኩ አልተሰማም።

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። ከሱቋ በር ፊት ሰላም እያሉ የሚያልፉት ፊቶች ሁሉ ተደርድረዋል። ሱጉሌ ንጹሕ ለብሶ፣ ጢሙን አሳምሮ፣ ከሐጂ ማሃሙድ ጎን ከፊት ተቀምጧል። ዳኛዋ የክስ ማንሻውን ማመልከቻ አነበበችና የእናትአለምን ስም ጠራች። ጁነይድ ሊያስተረጉም ብድግ አለ። እናትአለም ትከሻውን ይዛ መልሳ አስቀመጠችው።

ከተሳሳትኩ ዛሬውኑ ለባህሩ ደውዬ እመጣለሁ እለዋለሁ ብላ ቆረጠች። አፏን ከፈተች። "ዳዕዋዲ" አለች፤ ዐው ከጉሮሮዋ ሥር ተፈንቅሎ ወጣ። "ዋን" አለች። "ካ" አለች፤ ካውን ረገጥ፣ ሰፋ አድርጋ፣ በመስኮት ለሚያዩትም እንዲደርስ። "ኖቅደይ።"

ማንም አልሳቀም። ኤብላ ከኋላ ሆና ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። እናትአለም ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል ግን ዳኛዋ በሶማሊኛ ጠየቀቻት፤ ክሱን ያነሳሽው በፈቃድሽ ነው ወይስ ያስገደደሽ አለ? ይህን ኤብላ አላስጠናቻትም። ጁነይድ እንደገና ብድግ አለ። እናትአለም ዳኛዋን አየች፣ ሱጉሌን አየች፣ ጥያቄው ከጫፍ እስከ ጫፍ ገብቷት እንደነበር አስተዋለች። ለዐሥራ ስምንት ዓመት በጆሮዋ ስታጠራቅም የኖረችው ሁሉ ተነስቶ ወደ ምላሷ መጣ።

ያስገደደኝ የለም አለች፤ በሶማሊኛ። "ሱጉሌ ሰሃይ አላት" ብላ ቀጠለች፤ ወንዱን ሴት አደረገችው። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። በዚያች ቅጽበት ቀድሞ ብትሆን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አሁን ግን ሳቁ የማን እንደሆነ ለየችው፤ የወዳጅ ሳቅ ነው። እሷም አብራ ሳቀችና "አለው" ብላ አረመች። ሰዋስዉን እየሰባበረች፣ የጎደለውን በእጇ እየሞላች እስከ መጨረሻው ተናገረች።

"ሰሃይ ያልነበረው ያ ወረቀት ነው፤ ሰውዬው አይደለም። እሱ አማና ብሎኝ ነበር፣ እኔ ቸኮልኩ። ቃሉን ከሱጉሌ ላይ አንስቻለሁ። ሁላችሁም ስሙኝ።"

ዳኛዋ ሱጉሌን የሚለው እንዳለ ጠየቀችው። ሱጉሌ እንደ ልማዱ ሳይቸኩል ተነሳ። ቃሉ ተመልሷል፣ ሐሌን ተቀብያለሁ አለ። ሊቀመጥ ካለ በኋላ ትዝ ያለው መስሎ ዘመዶቹ ወዳሉበት ዞረና፣ ነገ ለልጄ ቤት ቆርቆሮ እፈልጋለሁ፣ እናትአለም ሱቋን በጊዜ ትክፈት አለ። ይህ ለእሷ ብቻ የተባለ አልነበረም፤ ለከተማው ሁሉ ነው፤ ከተማውም ሰማ። ዳኛዋ ይህ ችሎት እንጂ ገበያ አይደለም አለች፤ እሷም ግን ፈገግታዋን መደበቅ አልቻለችም።

ከዚያ ትእዛዙን አነበበች። ችሎቱ በየቀኑ የሚጽፈው፣ ማንም ልብ የማይለው ዓይነት ትእዛዝ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በቋንቋቸው ተሰምተው፣ ከሳሽ ክሷን በፈቃዷ ስላነሳች መዝገቡ ተዘግቷል ይላል። በቋንቋቸው። እናትአለም ቆማ ሰማች፤ ደረቷ በደስታ ሞላ፤ እንባዋም መጣ።

ጁነይድ ሥራው ነውና ትእዛዙን በአማርኛ ሊነግራት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"ተወው ልጄ፣ ገብቶኛል" አለችው፤ በሶማሊኛ።